ሐውድን ያስረከበው ውሳኔና የሰፈር ምርጫ ጉልበት



እንግሊዝ አገር ምርጫ በመጣ ቁጥር የጅግጅጋ ሻይ ቤቶች ወሬ ለንደን ይሆናል። ብዙ ቤተሰብ ለንደን፣ ካርዲፍ ወይም በርሚንግሃም ዘመድ ስላለው አያስገርምም። ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ፦ ቆሻሻ የሚያስነሳና የሰፈር መንገድ የሚያስጠግን የአካባቢ ምክር ቤት ምርጫ የአገሪቱን ጠቅላይ ሚኒስትር እንቅልፍ የሚነሳው ለምንድን ነው?

መልሱን ከራሳችን ታሪክ ብንጀምረው ይሻላል። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትሮች በእኛ አካባቢ መሬት ላይ ደጋግመው ወስነዋል። ውሳኔያቸው የነካው ሕዝብ ግን በድምፁ ጠይቋቸው አያውቅም ነበር። (ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የ1897ቱ ውል

ሐውድ ከጅግጅጋ ወደ ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ የተዘረጋው ሰፊ የግጦሽ ሜዳ ነው። ሐርቲሼክ፣ ሐርሺንና አዋሬ በዚህ ሜዳ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። ዝናብ ሲጥል ሣሩ ይትረፈረፋል፤ ቋሚ ውሃ ግን አልነበረውም። ስለዚህ አርብቶ አደሩ በዝናብ ወራት ግመሉን ይዞ ወደ ሐውድ ይገባል፤ ሲደርቅ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጉድጓዶቹ ይመለሳል። ሣሩ በአንድ መንግሥት፣ ጉድጓዱ በሌላ መንግሥት እጅ ከገባ ኑሮው መሐሉ ላይ ተቆረጠ ማለት ነው።

እንግሊዝ ከ1884 ጀምራ ከሰሜን ሶማሌ ጎሳዎች ጋር የጥበቃ ውሎች ተፈራርማ ነበር። በ1897 ግን የጠቅላይ ሚኒስትር ሎርድ ሳልዝበሪ መንግሥት ሬኔል ሮድ የተባለ መልእክተኛ ወደ አፄ ምኒልክ ላከ። ያን ጊዜ ለንደንን ያሳሰባት የሱዳን መህዲስቶች ጉዳይ ነበር፤ ምኒልክ ከእነሱ ጋር እንዳይወግኑ ትፈልግ ነበር። ውሉ አዲስ አበባ ተፈረመ፤ የድንበሩ ዝርዝር ሐረር ላይ ከራስ መኮንን ጋር በደብዳቤ ተወሰነ። አብዛኛው ሐውድ ከመስመሩ በኢትዮጵያ ወገን ቀረ። በሁለቱም ወገን ያሉ ጎሳዎች ተሻግረው ማሰማራት እንዲችሉ ውሉ ፈቅዷል፤ ጎሳዎቹ ግን ስለ ውሉ የጠየቃቸው አልነበረም።

ጅግጅጋ፣ 1948

በማርች 1941 የእንግሊዝ ጦር ጣሊያንን አስወጥቶ ጅግጅጋ ገባ። በ1942 እና በ1944 በተደረጉ ስምምነቶች ኦጋዴንና ሐውድ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቆዩ። በ1946 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሌመንት አትሊ ነበሩ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ኧርነስት ቤቪን ሶማሌዎች የሚኖሩባቸው ግዛቶች በአንድ አስተዳደር ሥር እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረቡ። ኢትዮጵያ አጥብቃ ተቃወመች፤ አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረትና ፈረንሳይም አልተቀበሉትም። ሐሳቡ ተጣለ። ሴፕቴምበር 23 ቀን 1948 ጅግጅጋ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰች። በዚያው ዓመት ከተማችን ውስጥ ከሶማሌ ወጣቶች ሊግ ጋር በተያያዘ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። በሁለት ዓመት ውስጥ ተስፋ ተሰጠ፣ ተስፋው ተነሣ፤ ሁለቱንም የወሰኑት ለንደን ያሉ ሰዎች ነበሩ።

የቸርችል መንግሥት ውሳኔ

ሐውድና «ሪዘርቭድ ኤሪያ» ይባል የነበረው አካባቢ ግን በእንግሊዝ እጅ ቆዩ። በኦክቶበር 1954 አፄ ኃይለ ሥላሴ ለንደንን በይፋ ጎበኙ። በቀጣዩ ወር፣ ኖቬምበር 29፣ የዊንስተን ቸርችል መንግሥት እነዚህን አካባቢዎች የሚያስረክብበትን ስምምነት ፈረመ። ርክክቡ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1955 ሆነ። የግጦሽ መብቱ እንደተጠበቀ ይቀጥላል ተባለ፤ መንጋውን ይዘው የሚሻገሩትን የሚከታተሉ የእንግሊዝ አገናኝ መኮንኖችም ተመደቡ።

ለአዲስ አበባ መንግሥት ይህ በውል የታወቀ ግዛቱ መመለስ ነበር፤ በዲፕሎማሲም ትልቅ ድል ነበር። መሬቱ ለማን ይገባ ነበር የሚለውን ክርክር እዚህ አንዳኝም። የምንይዘው ነገር አንድ ነው፦ አርብቶ አደሩ ዜናውን የሰማው ፊርማው ከደረቀ በኋላ ነው።

ሀርጌሳና ቡርዖ ላይ ሰላማዊ ሰልፍ ወጣ። የጎሳ መሪዎችና የተማሩ ሰዎች አንድ ግንባር መሠረቱ። ሱልጣን አብዲላሂ ሱልጣን ዴሪያና ማይክል ማርያኖ ያሉበት ልዑክ ወደ ለንደን ሄደ። ማርያኖ ክርስቲያን ሶማሌ ነበሩ፤ ሙስሊሙ ሕዝብ ጉዳዩን ይዘው እንዲሟገቱለት ሲልካቸው ሃይማኖታቸው እንቅፋት አልሆነም።

ልዑኩ በአክብሮት ተደመጠ። ጉዳዩ ፓርላማ ውስጥም ተነሣ። የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ አለን ሌኖክስ ቦይድ በ1897ቱ ውል ማዘናቸውን ገለጹ፤ ነገር ግን የተፈረመን ውል መሻር እንደማይቻል ተናገሩ። በ1956 እንግሊዝ መሬቱን ከኢትዮጵያ ለመግዛት እንኳ ሞክራ ነበር፤ አልተሳካላትም።

ማን ጠየቃቸው?

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ቸርችል በኤፕሪል 1955፣ በሰማንያ ዓመታቸው፣ ሥልጣን ለቀቁ፤ ምክንያቱ እርጅናና ጤና እንጂ ሐውድ አልነበረም። በግንቦት ወር አንቶኒ ኢደን አጠቃላይ ምርጫ ጠርተው የፓርቲያቸውን ወንበር ጨምረው አሸነፉ። በሐውድ ምክንያት ድምፅ የሚነሳቸው መራጭ አልነበረም፤ ግመሉን ይዞ የሚንከራተተው ሰው ካርድ አልነበረውምና።

ሌሎቹን ከተሞችም ተመልከቱ። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓርላማ ምርጫ ያካሄደችው በ1957 ነው። ሀርጌሳ ላይ የሕግ አውጪ ምክር ቤት የተቋቋመውም በ1957 ሲሆን አባላቱ የተሾሙ እንጂ የተመረጡ አልነበሩም። ለንደን፣ አዲስ አበባ፣ ሀርጌሳ፦ በሦስቱም ከተማ አርብቶ አደሩን «ምን ትላለህ?» ብሎ መጠየቅ የሚያስገድድ ሰው አልነበረም። መሪ ሁሉ ይሳሳታል። ስህተቱ ዋጋ የማያስከፍለው ከሆነ ግን ለማረም አይቸኩልም።

ከሐርቲሼክ እስከ ሼፊልድ

ከዚያ ወዲህ ታሪኩ መልኩን ቀየረ። በ1988 የሲያድ ባሬ መንግሥት ሀርጌሳንና ቡርዖን በቦምብ ሲደበድብ ሕዝቡ ወደዚያው ወደ ሐውድ ሸሸ። ሐርቲሼክ በዓለም ካሉት ትላልቅ የስደተኛ ካምፖች አንዱ ሆነ፤ በአንድ ወቅት ከ200 ሺህ በላይ ሰው ይዞ ነበር። የተዘጋው በ2004 ነው። በዚያ ዘመን ከተሰደዱት ብዙዎች ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ሌሎች እንግሊዝ ገቡ፣ ዜግነት አገኙ፣ የመራጭነት ካርድ ያዙ።

አንዱን ምሳሌ እንይ። ማጂድ ማጂድ ቡርዖ ተወለደ፤ በሕፃንነቱ ከእናቱና ከወንድም እህቶቹ ጋር ኢትዮጵያ ውስጥ በስደተኛ ካምፕ ወራት አሳልፎ በአምስት ዓመቱ ሼፊልድ ገባ። በ2016 በግሪን ፓርቲ ስም ለከተማው ምክር ቤት ተመረጠ፤ በ2018 የሼፊልድ ከንቲባ ሆነ። ሹመቱ የክብር ቢሆንም መንገዱ የተከፈተው በአንድ ሰፈር ምርጫ ነው።

የሰፈር ምርጫ እንዴት ይሠራል?

የእንግሊዝ ከተማ «ዋርድ» በሚባሉ ትንንሽ የምርጫ ሰፈሮች ይከፈላል። በብዙ ዋርዶች አሸናፊው የሚለየው በጥቂት መቶ ድምፆች ነው። ስለዚህ ቅስቀሳው በር ማንኳኳት ነው። የፓርቲው ሰው ዝርዝር ይዞ ከቤት ቤት ይሄዳል፤ «ለማን ትመርጣላችሁ?» ብሎ ጠይቆ ይመዘግባል። በሩን የከፈቱት እናት ስለ ቆሻሻ ገንዳው ከነገሩት በኋላ ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ይነግሩታል። ነገሩ ከዚያ ወደ ላይ ይሄዳል። በር የሚያንኳኩት እነዚሁ የአካባቢ ምክር ቤት አባላት ናቸው፤ እነሱ ከተሸነፉ በቀጣዩ አገር አቀፍ ምርጫ ለፓርላማ ዕጩው የሚሯሯጥለት ሰው ያንሳል። የፓርላማ አባሉ ይህን ሲያይ ዓይኑን ወደ መሪው ያዞራል።

ቶኒ ብሌር በ2003 አገራቸውን ወደ ኢራቅ ጦርነት አስገቡ። በሰኔ 2004 በተደረገው የአካባቢ ምርጫ ገዥው ሌበር ፓርቲ በአገር አቀፍ የድምፅ ግምት ሦስተኛ ወጣ። በግንቦት 2006 በምሥራቅ ለንደን ታወር ሃምሌትስ፣ ጦርነቱን በመቃወም የተመሠረተው ሪስፔክት ፓርቲ 12 የምክር ቤት ወንበር ወሰደ። ብሌር በ2005 አጠቃላይ ምርጫ አሸንፈው ነበር፤ የፓርላማ ብልጫቸው ግን በጣም ቀነሰ፤ በ2007 ለቀቁ። ቦሪስ ጆንሰንም በኮሮና ገደብ ወቅት መሥሪያ ቤታቸው ውስጥ በተደረጉ ግብዣዎች ሰበብ ተተችተው በግንቦት 2022 የአካባቢ ምርጫ ፓርቲያቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ወንበሮች ካጣ በኋላ፣ በሐምሌ ከፓርቲ መሪነት እንደሚለቁ አስታወቁ።

እውነቱን ለመናገር የሰፈር ድምፅ የኢራቅን ጦርነት አላስቆመም፤ የሞተም አላስነሣም። ያደረገው ነገር ቢኖር መሪው ለፍርዱ ዋጋ እንዲከፍል፣ ከእሱ በኋላ የሚመጣውም ሁለት ጊዜ እንዲያስብ ማድረግ ነው። ለሐውድ አርብቶ አደር ይህችም አልነበረችም።

ወደ ቤታችን

ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለንደንን እንድናደንቅ አይደለም። በአገራችን አገር አቀፍ የወረዳና የቀበሌ ምርጫ በ2005 ዓ.ም. ተካሄደ፤ ለ2010 ዓ.ም. ታቅዶ የነበረው ተራዘመ። የዛሬ 20 ዓመት ወጣት ስለ ሰፈሩ ምክር ቤት ድምፅ የሰጠበት ቀን የለም። ብዙዎቻችን የለንደን ከንቲባን ስም እናውቃለን፤ በቀበሌያችን ምክር ቤት ውስጥ ማን እንዳለ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

የቀበሌ ምርጫ ጊዜው ሲደርስ «ይህች ትንሽ ነገር ናት» ብላችሁ አትናቋት። ተመዝገቡ፤ ዕጩውን ስለ ውሃው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ጠይቁት፤ መልሱን ያዙበት። በጎሳው ሳይሆን በመልሱ መዝኑት። ድምፅ አማና ነው፤ የሰጣችሁትን ሰው ሥራ መከታተልም ከአማናው ይቆጠራል።

በ1955 ለንደን የሄዱት ሽማግሌዎች ክርክራቸው ደካማ አልነበረም፤ ሚኒስትሩ ራሳቸው አዝነው ሰምተዋቸዋል። የጎደላቸው ካርድ ነበር። ወላሁ አዕለም።