የእርከን ሽግግር፦ የድሀ ልጅ የት ይደርሳል?

የማኅበረሰብ አጥኚዎች «ሶሻል ሞቢሊቲ» የሚሉት፣ ሰው ከተወለደበት የኑሮ ደረጃ መውጣቱን ወይም መውረዱን ነው። በአማርኛ «ማኅበራዊ ተንቀሳቃሽነት» እየተባለ ሲጻፍ ይታያል፤ አንባቢው ግን ከአገር አገር መዘዋወር ሊመስለው ይችላል። በዚህ ጽሑፍ «የእርከን ሽግግር» ብለነዋል።

ጽንሰ ሐሳቡን በስፋት ያስተዋወቀው ፒቲሪም ሶሮኪን ነው። ከሩሲያ ገጠር ከእጅ ባለሙያ ቤት ተነሥቶ የሃርቫርድ ፕሮፌሰር የሆነ ሰው ነውና ጉዳዩን በራሱ ሕይወት ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው መጽሐፍ የአግድም ለውጥን ከሽቅብና ከቁልቁል ለውጥ ለየ። በያዘው ደመወዝ ከሞጣ ወደ ቢቸና የተዛወረ መምህር ቦታ እንጂ እርከን አልለወጠም። የመሬት አልባ ገበሬ ልጅ ሐኪም ሲሆን ግን እርከን ተሻግሯል።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። የአንድ ቀበሌ ሳር ቤት ሁሉ ቆርቆሮ ቢለብስ ሁሉም ከአባቱ የተሻለ ኖሯል ማለት ነው። ይህ ጥቅል ሽግግር ይባላል። አንጻራዊ ሽግግር የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ የድሀው ልጅ ከሀብታሙ ልጅ ጋር ሲነጻጸር የት ደረሰ? አብዛኛው ክርክር የሚነሣው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው።

ጎጃም፣ በተለይም ሞጣና ቢቸና ያሉበት ምሥራቁ ክፍል፣ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በርስት ዘመን ሰው በአባቱም በእናቱም ወገን ከአቅኚው አባት መወለዱን ቆጥሮ መሬት ይጠይቅ ነበር። አሜሪካዊው አለን ሆበን በጎጃም ደጋ ዳሞት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ሙግት የሚያውቅና ሹም የሚደግፈው ሰው በዕድሜው ብዙ መሬት ይሰበስባል፤ ሲሞት ግን ሀብቱ ለልጆቹ ተከፋፍሎ ይበተናል። ስለዚህ በገበሬው መካከል መውጣትም መውረድም የተለመደ ነበር። የቤተ ክህነት ትምህርትም ሌላ መንገድ ነበር። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የገበሬውን ልጅ በዛብህን በዚሁ መንገድ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት አድርሶታል። መምህር ሆኖ መግባት ችሏል፤ አማች መሆን ግን አልተፈቀደለትም።

ጦርነትም ሰው ያወጣ ነበር። ቢቸና አካባቢ ጣሊያንን የተዋጋው በላይ ዘለቀ ከጎጃም ገዢ ቤት ሳይወለድ የብዙ ሺህ አርበኞች መሪ ሆነ። ከነጻነት በኋላ ደጃዝማችነት ሲሰጠው፣ ራስነቱንና የጎጃምን ገዢነት ያገኙት ከጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት የተወለዱት ኃይሉ በለው ነበሩ። በላይ ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ፋቂው ደግሞ «ቡዳ» እየተባሉ ከጋብቻም ከማዕረግም ተገልለው ኖሩ፤ ለእነርሱ አንዱም መንገድ አልተከፈተም።

የመውረድ ፍርሃት ምን ያህል እንደሚያንቀሳቅስ በ1960 ዓ.ም. ታየ። የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የሞጣና የቢቸና ገበሬ ያመፀው በገንዘቡ ብቻ አልነበረም። መሬቱ ተለክቶ ከባለ ርስትነት ወደ ጭሰኝነት እንወርዳለን ብሎ ሰግቶም ነበር። መንግሥት በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴን አንሥቶ ውዝፍ ግብሩን ማረ።

ከዚያ የማስተካከሉ ዘመን መጣ። የየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን አስቀረ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል መሬት ዳግም ሲደለደል፣ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሹም የነበረው «ቢሮክራሲ»፣ ከገበሬው ግብር ይቀበል የነበረው የቀድሞው ባለ ጉልት «የፊውዳል ቅሪት» ተባለና ይዞታው ከአራት ጥማድ፣ ማለትም ከአንድ ሄክታር እንዳይበልጥ ተደረገ። ትናንት መሬት አከፋፋይ የነበረው በአንድ ስብሰባ ወረደ፤ መሬት ያልነበረው ወጣት በቦታው ተተከለ።

ዛሬ በገጠሩ ያለው የይዞታ ልዩነት እንደ ድሮው የገነነ አይደለም። ነገር ግን መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ከዚያ ድልድል በኋላ የተወለደው ልጅ የሚጠብቀው የአባቱን ድርሻ ነው። አራት ጥማድ ለአራት ልጆች ሲካፈል ለእያንዳንዱ አንድ ጥማድ ይደርሰዋል፤ አንድ ጥማድ ደግሞ ጎጆ አያስወጣም። ስለዚህ ወጣቱ ወይ የእኩል ያርሳል፣ ወይ ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ይወርዳል፣ ወይ አዲስ አበባ ገብቶ ሎተሪ ያዞራል።

የቀረው ትምህርት ነው። እሱም ጠቧል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል።

በሌላው ዓለም መለኪያው ትውልድ ነው። የበለጸጉት አገሮች የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ስሌት፣ ከድሀ ቤተሰብ የተወለደ ዘር አማካይ ገቢ ላይ ለመድረስ ዴንማርክ ውስጥ ሁለት ትውልድ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ዘጠኝ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ አሥራ አንድ ትውልድ ይፈጅበታል። ከዚህ በመነሣት ልዩነት በሰፋበት አገር ሽግግሩ ይዘገያል ይባላል። የቢቸናና የሞጣ ታሪክ አንድ ነገር ይጨምርበታል፦ ልዩነቱ ሲጠብም መውጫው ከተዘጋ ሽግግር የለም። እኩል ማድረግና መንገድ መክፈት ሁለት ሥራ ናቸው፤ አንዱን መሥራት ሌላውን አይተካም።

ስለዚህ «የድሀ ልጅ ለትልቅ ደረጃ በቃ» የሚል ወሬ ሲሰሙ በአንድ ሰው አይርኩ። ከእሱ ጋር አንድ ክፍል የተማሩት ልጆች የት እንደደረሱ ይጠይቁ። የእርከን ሽግግር የሚለካው በእነርሱ ነው።