የእንጦጦ ዳገት ላይ ሞተር ለምን ይደክማል? የሳሳ አየርና የቤንዚን ታሪክ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የምትወጣ አሮጌ ባለካርቡሬተር መኪና አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጉልበት ያንሳታል፣ ከጭስ ማውጫዋም ጥቁር ጭስ ይወጣል። ሾፌሩ ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ጭሱ ይብሳል እንጂ ፍጥነቱ ብዙም አይጨምርም። ታዲያ ቤንዚን አንሷት ነው? በጭራሽ! ቤንዚኑ በዝቶባታል። ይህን ነገር በደንብ የተማሩት በመጀመሪያ የአውሮፕላን ሰዎች ሲሆኑ፣ ቀጥሎ ትምህርቱን የወሰዱት የውድድር መኪና መሐንዲሶች ናቸው።

ሊትሩ ያው፣ ክብደቱ ሌላ

አንድ ኪሎ ቤንዚን በሙሉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። የውድድር ሞተር ግን ትልቁን ጉልበት የሚሰጠው ድብልቁ ትንሽ ሲወፍር፣ ማለትም ለአንድ ኪሎ ቤንዚን ከ12.5 እስከ 13 ኪሎ አየር ሲደርሰው ነው። ከዚያ በላይ ከወፈረ ያልተቃጠለው ቤንዚን ጥላሸት ይሆናል። በጣም ከቀጠነ ደግሞ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ፒስተን እስከ መቅለጥ ሊደርስ ይችላል።

ቱርቦ የሌለው ሞተር አየር የሚስበው በራሱ ፒስተን ብቻ ነው። በአንድ ዙር የሚስበው አየር በሊትር ሲለካ ጅቡቲም ሆነ እንጦጦ ያው ነው። ክብደቱ ግን ይለያል። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ስለሚበልጥ፣ አንድ ሊትር አየሩ ከጅቡቲው በሩብ ያህል ይቀላል።

ካርቡሬተር ይህን የሚረዳው በግማሹ ብቻ ነው። የሚለቀው ቤንዚን የአየሩን እፍግታ ስኩዌር ሩት ስለሚከተል፣ አየሩ በ25 በመቶ ሲቀንስ ቤንዚኑ የሚቀንሰው በ13 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ በባሕር ጠለል ላይ 13 ለ 1 የተስተካከለ ሞተር እንጦጦ ሲደርስ 11 ለ 1 አካባቢ ይሆናል። ጥቁሩ ጭስ የሚመጣው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ የተማሩት በራሪዎቹ

አውሮፕላን በደቂቃዎች ውስጥ ብዙ ሺህ ሜትር ሊወጣ ይችላል። ለዚህም ነው በብዙ አውሮፕላኖች ላይ አብራሪው ከፍ ባለ ቁጥር ቤንዚኑን የሚቀንስበት ማንሻ የተሠራው። የእኛ አገር ሰማይ ደግሞ ችግሩን ገና ከመሬት ይጀምረዋል። በ1935 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር አቃቂ ላይ የሠራትን “ፀሐይ”ን እንውሰድ። በ2024 ከጣሊያን የተመለሰችው ይህች አውሮፕላን 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ቫልተር ሞተር ነበራት። ይህ ቁጥር ግን ለባሕር ጠለል ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነው አቃቂ ስትነሳ፣ ገና መሬት ላይ እያለች አንድ አምስተኛ ያህሉን አጥታለች።

ሜክሲኮ ሲቲ፣ ጥቅምት 1965

ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ብዙም አትርቅም ማለት ነው። በ24 ኦክቶበር 1965 እ.ኤ.አ. እዚያ የፎርሙላ ዋን ውድድር ተካሄደ። ሆንዳ ውድድሩን ከተቀላቀለ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ሲሆን አንድም ጊዜ አላሸነፈም ነበር። የቡድኑ መሪ ዮሺዮ ናካሙራ ቀድሞ በናካጂማ የአውሮፕላን ኩባንያ የሠራ መሐንዲስ ነበር፤ ከፍታ ሞተርን ምን እንደሚያደርገው ያውቃል። 12 ሲሊንደር ያለውና በአጠቃላይ 1.5 ሊትር የሆነው የሆንዳ ሞተር ቤንዚን የሚቀበለው በኢንጀክሽን ቢሆንም፣ የዚያ ዘመን ኢንጀክሽንም ለሳሳው አየር በሰው እጅ መስተካከል ነበረበት።

የዚያ ዘመን መካኒክ ልኩን የሚያውቀው እንዴት ነበር መሰላችሁ? ሞተሩን በሙሉ ፍጥነት አስሮጦ ድንገት ያጠፋዋል፣ ካንዴላውን ይፈታል፣ ከዚያ ቀለሙን ያነባል። ጥቁር ከሆነ ወፍሯል፣ ነጭ ከሆነ ቀጥኗል፣ ቀላ ያለ ቡኒ ከሆነ ልክ ነው። የእኛ ሰፈር ጋራዥ ውስጥም ካንዴላ ፈትቶ የሚያይ መካኒክ የሚያነበው ይህንኑ ነው።

የሆንዳው ሪቺ ጊንተር 65ቱንም ዙር መርቶ አሸነፈ። ድሉ የድብልቁ ብቻ አይደለም፤ የጊንተር አነዳድም ትልቅ ድርሻ ነበረው። ነገር ግን የሳሳው አየር ከሁሉም መኪና ላይ ጉልበት በቀነሰበት ቀን፣ በተበላሸ ድብልቅ ተጨማሪ ጉልበት አለማባከን ትልቅ ብልጫ ነው።

የማይመለሰው ሩብ

ማስተካከል የጎደለውን ኦክስጅን አይመልስም። እንጦጦ ላይ የቱንም ያህል ጎበዝ መካኒክ ቢነካው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ማጣቱ አይቀርም። ከድሉ ሦስት ዓመት በኋላ በዚያችው ከተማ ማሞ ወልዴ የኦሎምፒክ ማራቶንን አሸነፈ። ደጋ ላይ የሚኖር ሰው አካሉ ቀይ የደም ሴል እየጨመረ አየሩን ይለምዳል። ሞተር ግን እንዲህ አይለምድም፤ የሚያስተካክለው ይፈልጋል።

በዛሬ መኪኖች ይህን ሥራ የኦክስጅን ሴንሰርና ኮምፒውተር ይሠሩታል። ለአሮጌዋ ባለካርቡሬተር መኪና ደግሞ ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ ጠበብ ባለ መቀየር ብዙ ይረዳል። የሚተርፈው የሾፌሩ ገንዘብ ብቻ አይደለም። በዚያ ዳገት ላይ ማለዳ የሚሮጡ አትሌቶች፣ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችና ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች አሉ፤ ያን ጥላሸት የሚተነፍሱት እነሱ ናቸው።