የሊዝ ዘመን እድሳት በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ከተሞች

የሊዝ ዘመን እድሳት በሊዝ የተያዘ የከተማ ቦታ ውሉ ሲያበቃ ባለይዞታው ለተጨማሪ ዘመን የሚይዝበት ሥርዓት ነው። ዝርዝሩ የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ በወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004 አንቀጽ 19 ላይ ሰፍሯል። አዋጁ ፌዴራላዊ በመሆኑ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ በሆነችው በሰቆጣም ይሠራል።

ሥርዓቱ የመነጨው መሬት ከማይሸጥበት ሕግ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጸና። በመካከሉ በ1986 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 80 ሊዝን አስተዋወቀ፤ በ1994 አዋጅ ቁጥር 272፣ በኅዳር 2004 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 721 በቦታው ተተኩ። እንግዲህ የሊዝ ተዋዋዩ የሚይዘው በዘመን የተገደበ የመጠቀም መብት ነው። ቤቱ የራሱ ነው፤ ቤቱ የቆመበት ቦታ ግን አይደለም።

ዘመኑ እንደ አገልግሎቱ ይለያያል። ለመኖሪያ ቤት በየትኛውም ከተማ 99 ዓመት ነው። ለንግድ በአዲስ አበባ 60፣ በሌሎች ከተሞች 70፤ ለኢንዱስትሪ በአዲስ አበባ 70፣ በሌሎች 80 ዓመት ይሰጣል። ስለዚህ ሰቆጣ ላይ በሊዝ ሱቅ የሚሠራ ነጋዴ ከአዲስ አበባው 10 ዓመት የበለጠ ዘመን ያገኛል። አጭሩ የከተማ ግብርና ነው፤ 15 ዓመት ብቻ።

እድሳት በራሱ አይመጣም። ባለይዞታው ውሉ ሊያበቃ ከ10 እስከ 2 ዓመት ሲቀረው ለሚመለከተው አካል በጽሑፍ ማመልከት አለበት። ከፈቃድ ጋር የሚመጣው ክፍያ በዚያን ጊዜ በሚኖረው የሊዝ መነሻ ዋጋ የሚሰላ እንጂ ውሉ መጀመሪያ በተፈረመበት ዋጋ አይደለም። የሚመለከተው አካል ማመልከቻው በደረሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ውሳኔውን በጽሑፍ ካላሳወቀ እንደተስማማ ይቆጠራል። ይህ ለአመልካቹ ትልቅ ጥበቃ ነው፤ የሚጠብቀው ግን ማመልከቻው የገባበትን ቀን ማስረዳት የሚችለውን ሰው ነው። ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ከካርታውና ከሊዝ ውሉ ጋር አብሮ መቀመጥ አለበት።

የጊዜውን ርቀት ስሌት ያሳያል። በ2005 ዓ.ም የተፈረመ የመኖሪያ ቤት ሊዝ በ2104 ያበቃል፤ ማመልከቻው የሚቀርበው ከ2094 እስከ 2102 ባለው ጊዜ ነው። አመልካቹ የልጅ ልጅ ወይም ከዚያ በታች ያለ ትውልድ መሆኑ አይቀርም። በዚያው ዓመት ለከብት ማድለቢያ ወይም ለንብ ማነቢያ የተሰጠ የከተማ ግብርና ቦታ ግን በ2020 ያበቃል፤ የማመልከቻው ጊዜ በ2010 ተከፍቶ በ2018 ይዘጋል። ስለዚህ በተግባር የእድሳት ጥያቄ ቀድሞ የሚነሳው ከከተማ ግብርና ነው። ስለ እድሳት ሲወራ 99 ዓመት ብቻ ስለሚታሰብ ይህ መዘንጋቱ ያሳስባል።

ካልታደሰ ውጤቱ ከባድ ነው። ባለይዞታው ካሳ አያገኝም፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ንብረቱን አንሥቶ ቦታውን ይመልሳል፤ ካላነሣ ቦታው ከነንብረቱ ያለ ክፍያ ሊወሰድ ይችላል። በሊዝ ዘመኑ መካከል ለሕዝብ ጥቅም የሚነሣ ሰው ግን ተመጣጣኝ ካሳ ይከፈለዋል። አንድ ዓይነት ቤት፣ በአንዱ መንገድ ሲፈርስ ካሳ ያለው፣ በሌላው ባዶ እጅ የሚያስወጣ መሆኑ የአዋጁ በጣም ጨካኝ ቦታ ነው።

የሰቆጣ ነባር ቤቶች ጉዳይ ሌላ ነው። ሊዝ ከመምጣቱ በፊት የተያዘ ቦታ ነባር ይዞታ ስለሚባል የሚያበቃበት ቀን የለውም። በውርስ ሲተላለፍም እንደ ነባር ይቀጥላል፤ በሽያጭ ወይም በስጦታ ሲተላለፍ ግን ተቀባዩ ወደ ሊዝ ይገባል። ከእናቱ የወረሰ ልጅ የዘመን ገደብ የለበትም፤ ከዚያ ልጅ ለገዛው ጎረቤት ግን ዘመኑ መቆጠር ይጀምራል። በመሆኑም በሰቆጣ ቤት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ይዞታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ፣ ሊዝ ከሆነስ ውሉ መቼ ተፈረመ የሚለውን ነው፤ ከሊዝ ባለይዞታ የገዛ የቀረውን ዘመን እንጂ አዲስ 99 ዓመት አያገኝምና። ይህ ጥያቄ በዋግ ተጨማሪ ክብደት አለው። በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ሳቢያ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ወረዳዎች የተፈናቀሉ ብዙ ቤተሰቦች ሰቆጣ ተጠልለዋል፤ ቤት ጥሎ ለሚሸሽ ሰው ካርታና ውል ይዞ መውጣት ቀላል አይደለም።

በጋራ ሕንፃ ቤቶች ነገሩ ይወሳሰባል። አዋጅ ቁጥር 370/1995 ለእያንዳንዱ ቤት የግል ባለቤትነት፣ ለጋራ መጠቀሚያዎች ደግሞ የጋራ ባለቤትነት ይሰጣል፤ ቤቶቹ ሁሉ ግን በአንድ ቦታ ላይ ቆመዋል። አንቀጽ 19 የሚናገረው ስለ ሊዝ ባለይዞታ ብቻ ነው፤ ለአፓርታማ ነዋሪዎች የተለየ ሥርዓት አላበጀም። የሕንፃው ማኅበር በጋራ እንዲያመለክት በግልጽ ቢደነገግ አንድ ጎረቤት በመዘግየቱ ሌላው አይጎዳም ነበር።

ሌሎች አገሮች ለእድሳት ጥያቄ የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። በቻይና የመኖሪያ ቤት መሬት የሚሰጠው እስከ 70 ዓመት ነው፤ በ2013 ዓ.ም ሥራ ላይ የዋለው የፍትሐ ብሔር ሕጓ ዘመኑ ሲያበቃ በራሱ እንደሚታደስ ይደነግጋል፣ የክፍያውን ጉዳይ ግን ለሌሎች ሕጎች ትቶታል። በእንግሊዝ የመሬቱ ባለቤት ብዙ ጊዜ የግል ሰው ወይም ድርጅት ነው። በ1985 ዓ.ም የወጣው ሕግ የአፓርታማ ባለይዞታ ዋጋ ከፍሎ በቀረው ዘመን ላይ 90 ዓመት የማስጨመር መብት ሰጠው፤ የ2016ቱ ሕግ ይህን ወደ 990 ዓመት ከፍ እንዲል ደንግጓል።