ጾታዊ ጥቃትና ራስን የማጥፋት ስጋት

ጾታዊ ጥቃት የሴቶችን አካል ብቻ ሳይሆን አእምሮንም ለረጅም ጊዜ የሚጎዳ ወንጀል ነው። ከመዘዞቹ መካከል ብዙ ጊዜ ተሸፍኖ የሚቀረው ራስን የማጥፋት ሐሳብና ሙከራ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገሮች አካሂዶ በ1998 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው ጥናት ኢትዮጵያን የወከለችው የቡታጅራ አካባቢ ነበረች። በዚያ የትዳር ወይም የፍቅር አጋር ካላቸው ወይም ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶ የሚሆኑት በአጋራቸው አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ጥናቱ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ካልደረሰባቸው ይልቅ ራስን የማጥፋት ሐሳብና ሙከራ እንደሚበዛባቸው አመልክቷል።

ስጋቱን የሚያባብሰው ዝምታ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ጥቃት ከደረሰባቸው ኢትዮጵያውያን ሴቶች 66 በመቶ የሚሆኑት እርዳታ አልጠየቁም፤ ለማንም አልተናገሩም። እንደ ቡሌ ባሉ የጌዴኦ ዞን የገጠር ወረዳዎች ሁሉም በሚተዋወቅበት ማኅበረሰብ ውስጥ ስሜ ይጠፋል የሚል ፍርሃት፣ ያልተፈለገ እርግዝና፣ ከአጥቂው ጋር በአንድ ቀበሌ መኖርና ጉዳዩን በሽምግልና ለመሸፈን የሚደረግ ግፊት ተጠቂዋን ለብቻዋ ያስቀራታል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ አዋሳኝ አካባቢዎች እንደተከሰተው ያለ መፈናቀልም የሴቶችን ተጋላጭነት ይጨምራል።

የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ይህን ትስስር ያውቀዋል። በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ድርጊቱ ከባድ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ወይም ሞት ካስከተለ ቅጣቱ የዕድሜ ልክ ይሆናል። አንቀጽ 628 ደግሞ ተጠቂዋ በጭንቀት፣ በኀፍረት ወይም በተስፋ መቁረጥ ራሷን እስከ ማጥፋት ከደረሰች ቅጣቱን እስከ 25 ዓመት ያከብደዋል።

ጥቃት የደረሰባት ሴት ሳትታጠብና ልብሷን ሳታጥብ ፈጥና ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባታል። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት፣ የድንገተኛ እርግዝና መከላከያውም በ5 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር ውጤቱ ይሻላል። ይህ ጊዜ ቢያልፍም የሥነ ልቦና እርዳታ አይዘገይም።

ከሰው መራቅ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ «ለምን ተፈጠርኩ» እያሉ ማማረር ወይም ንብረትን ለሰው ማከፋፈል የአደጋ ምልክቶች ናቸው። ቤተሰብ ምልክቶቹን ሲያይ ሳይወቅስ ማድመጥ፣ ስለ ሐሳቧ በግልጽ መጠየቅ፣ ብቻዋን አለመተውና በአቅራቢያው ወዳለ የጤና ባለሙያ ማድረስ ይኖርበታል። ለተጠቂዋ የመጀመሪያው መድኃኒት ቃሏን ማመን ነው።