ትልቅ ጎማና ትንሽ ፍሬን፤ ከአገር አቋራጭ ተሽከርካሪዎች ታሪክ አንድ ምዕራፍ

የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በ1941 ዓ.ም. መረከብ የጀመረው የዊሊስ ጂፕ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባዶውን 1,100 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን፣ ጎማው ወደ 28 ኢንች የሚጠጋ ቁመት ያለው፣ በአራቱም እግሮቹ ላይ 9 ኢንች የሆነ የታምቡር ፍሬን የተገጠመለት ቀላል መኪና ነበር። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች እርስ በርሳቸው የተስማሙ ናቸው። የፍሬን ስፋት የሚወሰነው የመኪናው ክብደት፣ ሊደርስበት የሚችለው ፍጥነትና የጎማው ቁመት አንድ ላይ ታስበው ነውና። ከጦርነቱ በኋላ መኪናው በሲቪሉ ሕዝብ እጅ ሲገባ ግን ከሦስቱ አንዱ፣ ይኸውም ጎማው፣ ብቻውን ማደግ ጀመረ፤ ፍሬኑ በነበረበት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያለው የአገር አቋራጭ ተሽከርካሪዎች የፍሬን ታሪክ በአብዛኛው፣ ቀድሞት የሄደውን ጎማ ፍሬኑ ለመድረስ የሮጠበት ታሪክ ነው።

ፍሬን ከጥንቱም ቢሆን ከሞተር ኋላ ኋላ ሲከተል የኖረ ዕቃ ነው። እንግሊዛዊው ኸርበርት ፍሩድ በ1897 ዓ.ም. የፍሬን ሸራ መሥራት ሲጀምር ያሰበው ስለ አውቶሞቢል ሳይሆን፣ በደርቢሸር ኮረብታዎች ቁልቁል ስለሚወርዱት በፈረስ የሚጎተቱ ጋሪዎች ነበር። ፌሮዶ የተባለው የታወቀ የንግድ ስምም ከቤተሰቡ ስም የተገኘ ነው። ቀጥሎ የመጣው የአስቤስቶስ ሸራ ሙቀትን በመቻሉ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት ተወዳዳሪ አልነበረውም፤ ብናኙ ግን ታምቡሩን ከፍቶ በአየር የሚያራግበውን መካኒክ ሳንባ የሚጎዳ መሆኑ ስለተረጋገጠ እንግሊዝ በ1999 ዓ.ም. ከልክላዋለች። በ1902 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ሉዊ ሬኖ የታምቡር ፍሬንን ሠራ፤ በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ላንቸስተር የዲስክ ፍሬንን የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ከሁለቱ የሬኖው አሸንፎ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ነገሠ። ማልኮም ሎክሂድ በ1917 ዓ.ም. በፈሳሽ ግፊት የሚሠራውን ፍሬን አስመዘገበ፤ ዱሴንበርግ የተባለው የአሜሪካ መኪናም በ1921 ዓ.ም. በአራቱም ጎማዎች ላይ አዋለው። የጂፕ ፍሬን የዚህ የትውልድ ሐረግ ልጅ ነው።

ታምቡር ያሸነፈው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሸራ የለበሰው ጫማ ከውስጥ ወደ ታምቡሩ ሲገፋ፣ የሚሽከረከረው ታምቡር ራሱ ጫማውን ይዞ ወደ ውስጥ ስለሚስበው የነጂው እግር የሰጠው ኃይል ይባዛል። ስለዚህ ሰርቮ በሌለበት ዘመን ከባድ መኪናን በሰው እግር ለማቆም ይህ ትልቅ ጸጋ ነበር። ጉድለቱ ግን ለአገር አቋራጭ መኪና የከፋ ነው። ታምቡር ሲግል ወደ ውጭ ይሰፋል፤ ከሸራውም ይርቃል፤ ፔዳሉ እየወረደ ይሄዳል። ወንዝ ሲሻገር ውኃና ጭቃ ይዞ ይቀራል። ሁለቱም ጫማዎች ወደ ፊት ለሚደረግ ጉዞ እንዲስቡ ሆነው የተሠሩ እንደሆነ ደግሞ፣ መኪናው ዳገት አቅቶት ወደ ኋላ መንሸራተት በጀመረ ጊዜ፣ ማለት ፍሬን ከሁሉ ይልቅ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ያ የመባዛት ጸጋ ይጠፋል። ይህን የመጨረሻውን ነገር ብዙ ነጂዎች የሚያውቁት በመጽሐፍ ሳይሆን በዳገት ላይ ነው።

ጎማው ስለምን አደገ? ምክንያቱ ጌጥ ብቻ አይደለም። የመኪናን አካል በሞላ ማንሣት ይቻላል፤ ዲፈረንሻሉን ከድንጋይ የሚያርቀው ግን የጎማ ቁመት ብቻ ነው። 28 ኢንች የነበረው ጎማ በ35 ኢንች ቢተካ የመኪናው አሰ ሦስት ተኩል ኢንች፣ ማለት ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ያህል ከመሬት ይርቃል። ሰፊ ጎማ አየሩ ሲቀነስለት በአሸዋና በበረዶ ላይ ሳይሰምጥ ይንሳፈፋል። በካሊፎርኒያ የሩቢከን ጎዳና ላይ በ1953 ዓ.ም. የተጀመረው የጂፕ ጉባኤ፣ በ1967 ዓ.ም. በሜክሲኮ ባሃ ምድረ በዳ የተካሄደው የሺሕ ማይል እሽቅድምድም፣ እንደ ዲክ ሴፔክ ያሉ ነጋዴዎች በ1960ዎቹ ለምድረ በዳ ተጓዦች ያቀረቧቸው ሰፋፊ ጎማዎች ይህን ፍላጎት አስፋፉ። በ1980ዎቹ ደግሞ በአይስላንድ በበረዶ ክምር ላይ ለመሄድ 38 ኢንች የሆነ ጎማ በላንድክሩዘርና በመሳሰሉት ላይ መግጠም ተለመደ። በዚያ አገር ያለ ትልቅ ጎማ ክረምት ላይ ወደ መካከለኛው ደጋ መውጣት አይታሰብምና አማራጩ ጎማውን መተው አልነበረም።

ዕዳው የሚታየው ሒሳቡ ሲሠራ ነው። ፍሬን ጎማውን የሚይዘው በመካከሉ ነው፤ መኪናው የሚቆመው ግን ጎማው መሬትን በሚነካበት ቦታ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሲረዝም የፍሬኑ ጠምዛዥ ኃይል በረጅም ክንድ ላይ ይበተናል። ከ28 ወደ 35 ኢንች ሲለወጥ፣ በተመሳሳይ የእግር ግፊት መሬት ላይ የሚደርሰው የማቆሚያ ኃይል ከነበረው 80 በመቶ ብቻ ይሆናል። ሞተሩም በቁልቁለት ላይ በማርሽ መኪናውን ሲይዝ ያው ሃያ በመቶ ይጎድልበታል። በዝቅተኛ ማርሽ መውረድን የለመደ ጥንቁቅ ነጂ ሳይቀር ሳያውቀው አንድ ማርሽ ከፍ ብሎ እንደሚወርድ ያህል ነው።

ሦስተኛው ከእነዚህ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ይዋሻል። የፍጥነት መለኪያው የሚቆጥረው የአሱን ዙር እንጂ የመንገዱን ርዝመት አይደለም። ጎማው በ25 በመቶ ሲያድግ መለኪያው 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያሳይ መኪናው 100 ይሄዳል። ፍሬን የሚያጠፋው ጉልበት ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ የሚጠብቀው ሥራ በ56 በመቶ ይበልጣል። የተጨመረው ጉልበትና የተቀነሰው ኃይል ሲደመሩ፣ መለኪያውን አምኖ እንደ ቀድሞው የሚረግጥ ነጂ ለመቆም የሚፈጅበት ርቀት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ይህ ሁሉ የትልቁ ጎማ የራሱ ክብደት እንደ መዘውር ሲሽከረከር የሚያከማቸው ጉልበት ሳይቆጠር ነው። ጠንክሮ የሚረግጥ እግር ኃይሉን ሊመልሰው ይችል ይሆናል፤ ሙቀቱን ግን የትም አያደርሰውም።

መድኃኒቱ በመጀመሪያ የተፈለገው በእግሩ በኩል ነበር። ቤልጂጋዊው አልበርት ደዋንደር በ1920ዎቹ ያበጀው፣ በሞተሩ መሳብ የሚሠራው ሰርቮ ከቅንጡ መኪናዎች ወደ ሥራ መኪናዎች እየወረደ መጣ። ሰርቮ ግን የእግርን ድካም ይቀንሳል እንጂ ለታምቡሩ ማቀዝቀዣ አይሆነውም። እውነተኛው ለውጥ የመጣው በላንቸስተር የተረሳ ሐሳብ መመለስ ነው። በ1953 ዓ.ም. የዲስክ ፍሬን ያለው ጃጓር የለማንን የሃያ አራት ሰዓት ውድድር አሸነፈ፤ በ1955 ዓ.ም. ሲትሮይን ዲኤስ በፊት ጎማዎቹ ላይ ዲስክ ይዞ ወጣ። ዲስክ ገላጣ ስለሆነ ነፋስ ያገኘዋል፤ ሲግል ወደ ፓዱ ይሰፋል እንጂ አይርቅም፤ ውኃና ጭቃውን በዙሩ ይጥለዋል፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እኩል ይይዛል። ለአገር አቋራጭ መኪና የተፈጠረ የሚመስለው ይህ ዕቃ ግን ወደዚያ ለመድረስ ዘገየ። ሬንጅ ሮቨር በ1970 ዓ.ም. በአራቱም ጎማዎች ላይ ዲስክ ይዞ ሲወጣ፣ የእርሻው ወንድሙ ላንድሮቨር በፊት ጎማዎቹ ላይ ዲስክ ያገኘው በ1983 ዓ.ም. ነው። ፎርድ ብሮንኮም ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ አሥር ዓመት ሙሉ በታምቡር ሄዷል።

ፋብሪካዎቹ እስኪደርሱ ጋራዦቹ አልጠበቁም። የአሜሪካ መካኒኮች ያገኙት ዘዴ ቀላልና ብልህ ነበር። ጎማው መኪናውን ከባድ ካደረገው፣ ፍሬኑም ከከባዱ ወንድሙ ይምጣ አሉ። በ1970ዎቹ የሸቭሮሌት ፒክአፕ የፊት ዲስክና ካሊፐር ከወዳደቀ መኪና እየተነቀለ ወደ ጂፑና ወደ ብሮንኮው ተዛወረ፤ የቶዮታ ባለቤቶችም የኋለኞቹን ሞዴሎች ዲስክ ወደ አሮጌው ላንድክሩዘር አሸጋገሩ። የኋላው ታምቡር ሲለወጥ የእጅ ፍሬኑ አብሮ ስለሚጠፋ፣ በውስጡ የእጅ ፍሬን ያለው የካዲላክ ኤልዶራዶ የኋላ ካሊፐር ተፈልጎ ለድንጋይ መውጫ ጂፕ ሆነ። የዚያ ቅንጡ መኪና ሠሪዎች ይህን ያስቡት ነበር ማለት ያዳግታል።

ይሁን እንጂ የፍሬን ሥርዓት እንደ ሰንሰለት ስለሆነ፣ አንዱ ቀለበት ሲለወጥ ሌላው ይጠይቃል። የካሊፐሩ ፒስተን ከቀድሞው የታምቡር ሲሊንደር እጅግ ሰፊ ስለሆነ ብዙ ዘይት ይፈልጋል፤ የአሮጌው ፍሬን ፖምፓ ይህን ያህል ስለማይገፋ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ፖምፓው ሰፊ በሆነ ሲተካ ደግሞ በፓስካል ሕግ መሠረት በያንዳንዱ ስንዝር ስፋት ላይ የሚደርሰው ግፊት ስለሚያንስ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፤ ሰርቮ ያስፈልጋል። የታምቡር ፖምፓ በቱቦው ውስጥ ጥቂት ግፊት እንዲቀር የሚያደርግ ቫልቭ አለው፤ ይህ ሳይወጣ ከዲስክ ጋር ሲገጠም ፓዱ ሳይለቅ ይከርማል፤ ዲስኩም መንገዱን ሁሉ ሲግል ይውላል። አዲሱ ካሊፐር አሮጌውን 15 ኢንች ቸርኬ ይነካል። ከሁሉ የከፋው ሚዛኑ ነው። ሲቆሙ ክብደት ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላው ጎማ ይቀላል፤ የኋላው ፍሬን ከፊተኛው አስቀድሞ ጎማውን ከቆለፈ መኪናው ጀርባውን ያዞራል። ኃይለኛ ዲስክ ከኋላ ገጥሞ የማከፋፈያውን ቫልቭ ሳያስተካክል የለቀቀ ጋራዥ የባሰ መኪና ሠርቷል። አሮጌዎቹ ጂፖች ባለ አንድ መሥመር በመሆናቸው አንድ ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀር ነበር፤ የአሜሪካ ሕግ ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ በአዳዲስ የቤት መኪናዎች ላይ ሁለት መሥመር ያስገደደው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ባለ ጂፕ ላይ ካሊፐር ከመግጠም አስቀድሞ ፖምፓውን ባለ ሁለት መሥመር ማድረግ ይገባል።

ለኢትዮጵያ መካኒክ ሁለት ነገሮች ይጨመሩበታል። አንደኛው ከፍታው ነው። ሰርቮ የሚገፋው በውጭው አየር ግፊት ነው፤ የአዲስ አበባ አየር ግፊት ደግሞ የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በባሕር ጠረፍ ተለክቶ በቂ የተባለ ሰርቮ እዚህ ከእርዳታው ሩብ ያህሉን አጥቶ ይሠራል። ሁለተኛው ቁልቁለቱ ነው። ሁለት ሺሕ ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ፍጥነት አንድ ጊዜ ለመቆም ፍሬኑ ላይ የሚያሳርፈው ጉልበት ወደ 500 ኪሎ ጁል ነው። ያው መኪና አንድ ሺሕ ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ግን ይህን አርባ ጊዜ ያህል ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ፣ ወይም ከደባርቅ በሊማሊሞ የሚወርድ ነጂ ከዚህ ቁልቁለት በላይ ይወርዳል። የዚህን ጉልበት ድርሻ ሞተሩ ካልወሰደው ሸራው ይወስደዋል፤ ሙቀቱም ወደ ፍሬን ዘይቱ ይዘልቃል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ሊቆይ የሚገባው ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን መመዘኛው ወደ 140 ይወርዳል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ይታመቃል፤ ፔዳሉም ባዶ ይወርዳል። ስለዚህ በትልቅ ጎማ ላይ አዲስ ዲስክ ገጥሞ የአሮጌውን ዘይት መተው የሥራውን ግማሽ መተው ነው።

ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ትልቅ ጎማ መሸጥ ሲጀምሩ የመረጡት መንገድ ጋራዦቹ በሙከራ ከደረሱበት እምብዛም አይርቅም። በ2021 ዓ.ም. እንደገና የወጣው ፎርድ ብሮንኮ 35 ኢንች ጎማ ባለው ዓይነቱ የዲፈረንሻሉ ምጣኔ ወደ 4.7 ከፍ ተደርጎ ቀርቧል። ይህም ሞተሩ በቁልቁለት ላይ መኪናውን የመያዝ ችሎታውን ይመልሳል። አንድ ሰው ግን ጎማውን ብቻ ከገበያ ገዝቶ ሲያስገጥም ዲፈረንሻሉ፣ የፍጥነት መለኪያው፣ ፖምፓውና ዘይቱ በነበሩበት ይቀራሉ። ቸርኬውን አጥብቆ መኪናውን የሚያስረክበው መካኒክ፣ ደንበኛው ከመለኪያው ላይ 80 ሲያነብ ምን ያህል እየሄደ እንደሆነ በወረቀት ጽፎ ቢሰጠው ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅበትም።