ከሰሞን መሬት እስከ ደመወዝ እርከን፦ የጀማሪ መምህር ዋጋ በደብረ ታቦርና በጋይንት ደጋ

መግቢያ

አንድ ወጣት ከማሠልጠኛ ወጥቶ የምደባ ደብዳቤውን በመያዝ ወደ ጋይንት ወይም ወደ ስማዳ ሲጓዝ በልቡ የሚመላለሱት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው «ማስተማር እችል ይሆን?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ድካሜ በምን ሚዛን ተመዝኖ ይከፈለኛል?» የሚል ነው። የፊተኛውን የትምህርት ጥናቶች በሰፊው ተመልክተውታል። የኋለኛው ግን የሒሳብ ክፍል ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ስለሚታይ እምብዛም አልተመረመረም። ይሁን እንጂ ጀማሪው በሙያው ጸንቶ መቆየቱ ወይም ትቶ መሄዱ በአመዛኙ በዚህ ይወሰናል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የጀማሪ መምህር ዋጋ በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ ደጋ አገር በየዘመኑ እንዴት ይወሰን እንደ ነበር በአጭሩ ይዳስሳል። ዓመታቱ የተጠቀሱት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ዋጋ በመሬት

ጋይንት ከዘመናዊ ትምህርት በፊት የታወቀ የትምህርት አገር ነበር። ድጓ የሚያስመሰክር ሁሉ ወደ ቤተ ልሔም ይወጣል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻ ደግሞ ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። ተማሪው ቆሎውን ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ ይማራል እንጂ ለመምህሩ ደመወዝ አይከፍልም። የመምህሩ መተዳደሪያ ለቤተ ክርስቲያኑ አገልግሎት የተሰጠው የሰሞን መሬት ነበር።

በዚህ ሥርዓት አዲሱ መምህር ስለ ዋጋው የሚደራደርበት ቦታ አልነበረም። ማስመስከሩ ለወንበር ያበቃዋል፤ ኑሮው ግን የሚወሰነው በተመደበበት ደብር ሀብት ነው። እኩል ያስመሰከሩ ሁለት ሊቃውንት አንዱ መሬቱ በሰፋ ደብር፣ ሌላው በደኸየ ገጠር ቢቀመጡ ኑሯቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቅ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ በ1852 ዓ.ም. ገደማ አንድ ቤተ ክርስቲያን በሁለት ቄሶችና በሦስት ዲያቆናት ብቻ እንዲያገለግል፣ የተረፈው መሬት ለገባር እንዲሰጥ በወሰኑ ጊዜ ከካህናቱ የገጠማቸው ብርቱ ተቃውሞም ከዚህ የኑሮ መሠረት ጋር የተያያዘ ነበር።

ዋጋ በሽልማት

ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት ደግሞ ሌላ ዓይነት ልማድ ታየ። ንጉሠ ነገሥቱ አውሮፓውያን የሚስዮን የእጅ ባለሙያዎችን በዚያ አስፍረው መሣሪያ ያሠሩ ነበር፤ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍም የተሠራው በዚያው ነው። በጋፋት የአገር ልጆችም ሙያ ይማሩ ነበር። የሠራተኛው ዋጋ ግን በጽሑፍ የተወሰነ ሳይሆን በንጉሡ መደሰት የሚገኝ ስጦታና ሽልማት ነበር። ሽልማት የሚሰጠውን ያስከብራል፤ የሚቀበለውን ግን የነገ ኑሮውን አስቀድሞ እንዲያውቅ አያስችለውም። ሥራው አንድ ሆኖ ዋጋው ቢለያይ ቅሬታ የሚቀርብበት መለኪያም አይኖርም።

ዋጋ በወረቀት

ዘመናዊው ትምህርት ሲስፋፋ መሬቱም ሽልማቱም ቀርቶ ደመወዝ በምስክር ወረቀት ደረጃ የሚወሰን ሆነ። በ1941 ዓ.ም. የመምህራን ማኅበር ተመሠረተ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የመንግሥት ሠራተኞችን ጉዳይ የሚከታተል ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት በትእዛዝ ተቋቋመ። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ የሚያደርገው ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ በመምህርነት ሲሠሩ ይሰጣቸው የነበረው ደመወዝ ሳይሆን የመተዳደሪያ አበል ነበር። በመሆኑም በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ እየሠሩ ልዩ ልዩ ክፍያ የሚያገኙ ሰዎች ጎን ለጎን ቆሙ።

ቅሬታው ተጠራቅሞ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ። ከጥያቄዎቻቸው ዋና ዋናዎቹ የትምህርት ዘርፍ ክለሳ ተብሎ የተዘጋጀው ዕቅድ እንዲታገድና ደመወዛቸው እንዲሻሻል ነበር። መንግሥት ከጥቂት ቀናት በኋላ ዕቅዱን አገደ፤ በዚያው ወር የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። ከዚህ የምንረዳው የጀማሪ ደመወዝ በአገራችን አንድ ሰው ከአንድ ቀጣሪ ጋር የሚከራከርበት ነገር ሳይሆን፣ የጋራ ጥያቄ ሆኖ የኖረ መሆኑን ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ የሰሞን መሬትን በማስቀረቱ፣ የአብነት መምህራን በየገጠሩ የቆየ መተዳደሪያቸውን አጡ።

በደርግ ዘመን የመነሻ ደመወዝ ለባለዲግሪ 500 ብር፣ ለባለዲፕሎማ 347 ብር ነበር። ልዩነቱ በወር 153 ብር፣ በዓመት 1,836 ብር ይሆናል። ለሥልጠና ርዝመት ልዩነት ማድረግ ተገቢ ነው። ነገር ግን በመምህራን እጥረት ምክንያት ባለዲፕሎማው የባለዲግሪውን ክፍል ተረክቦ ሲያስተምር፣ ልዩነቱ የሥራ መሆኑ ቀርቶ የወረቀት ብቻ ይሆናል። ሌላው ጉድለት ከውጭ የመጣ ነው። በመስከረም 1985 ዓ.ም. የአንድ ዶላር ምንዛሪ ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲወጣ፣ ወደ 241 ዶላር የሚጠጋው 500 ብር 100 ዶላር ብቻ ሆነ። የደመወዝ ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ አልተነካም፤ ዋጋው ግን ተነካ።

ሕግና ልማድ

መስከረም 25 ቀን 1959 ዓ.ም. የወጣው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትና የዩኔስኮ የውሳኔ ሐሳብ የመምህራን ደመወዝ ተመሳሳይ ትምህርት ከሚጠይቁ ሌሎች ሙያዎች ጋር በበጎ የሚነጻጸር እንዲሆን ይመክራል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሴቶች ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲን ተከትሎ የመጣው የመምህራን የደረጃ ዕድገት መሰላልም ጀማሪው ወደ መሪ መምህርነት የሚወጣበትን መንገድ ከፍቷል። ይሁን እንጂ መሰላል የሚጠቅመው የመጀመሪያው ደረጃ በትክክል ሲቆም ነው። በመነሻው አንድ እርከን የጎደለበት መምህር በየዕድገቱ ያንኑ ጉድለት ይዞ ይወጣል።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ ለመምህሩ የሚከተለው ይገኛል። ደመወዝ በእርከን በሚወሰንበት ሥርዓት የጀማሪው ድርድር በቃል ብልጠት አይደለም፤ በማስረጃ ነው። ስለዚህ ሥራ እንደ ጀመረ የተመደበበትን ደረጃ፣ የደመወዙን ልክና ክፍያው የሚጀምርበትን ቀን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የምደባ ደብዳቤውንና ሪፖርት ያደረገበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ግልባጭ ይያዝ። ከባልደረባው ጋር ልዩነት ቢያይ፣ ከመቆጣቱ በፊት የሥራ መደባቸው፣ የትምህርት ደረጃቸውና የአገልግሎት ዘመናቸው አንድ መሆኑን ያጣራ። አንድ ሆኖ ካገኘው አቤቱታውን በጽሑፍ ያቅርብ፤ የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜም እንዳያልፍበት ይጠንቀቅ። ባልደረባውን ግን ጠላት አያድርገው፤ እርከኑን የሠራው ባልደረባው አይደለምና።

ለዕቅድ አውጪውም የሚቀር ሥራ አለ። መምህር ለተጨማሪ ትምህርት ሲላክ ሲመለስ የሚያስፈልገው የደመወዝ ማስተካከያ በዚያው ዕቅድ አብሮ ይያዝ። ከወረታ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ በነፋስ መውጫ የሚያስተምረውና ከመንገዱ ርቆ በስማዳ ገጠር የሚያስተምረው በአንድ እርከን ቢቀመጡም ሸክማቸው አንድ አለመሆኑም ይታሰብ። የደብሩ ሀብት የሊቁን ኑሮ ይወስን የነበረበት የጥንቱ አድልዎ፣ ስሙን ለውጦ በመንገድና በርቀት እንዳይመለስ መጠበቅ የእኛ ዘመን ኃላፊነት ነው።