የንድፍ ሥርዓት፦ አንድ አዝራር በአምስት ቋንቋ

ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱን ቴሌብርን ሲያስጀምር አገልግሎቱ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በእንግሊዝኛ ነበር። በምዕራብ ሐረርጌ የቦኬ ጫት ነጋዴ በአፋን ኦሮሞ፣ ጭሮ ያለው ደንበኛው በአማርኛ ሊከፍተው ይችላል። ቋንቋው ቢለያይም ገንዘብ መላኪያው እዚያው ቦታው ላይ መገኘት አለበት።

ይህን የሚያስችለውን አሠራር ባለሙያዎች «ዲዛይን ሲስተም» ይሉታል። በአማርኛ «የንድፍ ሥርዓት» ቢባል ያስኬዳል። መተግበሪያ የሚሠራ ቡድን አንድ ጊዜ ተስማምቶ የሚያስቀምጣቸው ውሳኔዎችና ተሠርተው የተዘጋጁ ክፍሎች ስብስብ ነው፦ ቀለም፣ የፊደል መጠን፣ ክፍተት፣ አዝራር፣ መጻፊያ ሣጥን፣ የስሕተት መልእክት። እያንዳንዱ ክፍል መቼ እንደሚያገለግል ከሚገልጽ መመሪያና ከኮዱ ጋር ይቀመጣል።

ቀድሞ ዲዛይነሩ ገጹን አንድ በአንድ ይሥል ነበር፤ ፕሮግራመሩም ሥዕሉን እያየ እንደ አዲስ ይጽፈዋል። በአንድ መተግበሪያ ውስጥ የማይመሳሰሉ ሰማያዊዎች የሚበዙት እንዲህ ነው። አሁን ቀለሙ በሥራው ይሰየማል፤ «የዋና አዝራር ቀለም» ተብሎ በአንድ ቦታ ይመዘገባል፣ እዚያ ሲቀየር በሁሉም ገጽ ይቀየራል። የድረ ገጽ ዲዛይነሩ ብራድ ፍሮስት እ.ኤ.አ. በ2013 ገጽን ከትንንሽ ክፍሎች የመገንባትን ሐሳብ «አቶሚክ ዲዛይን» ብሎ አቀረበ። በዓመቱ ጉግል «ማቴሪያል ዲዛይን» የተባለውን የንድፍ ሥርዓቱን ይፋ አደረገ፤ የብሪታንያ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2018 የራሱን አወጣ።

ከውጭ የመጣ ሥርዓት እንዳለ ሲወሰድ ግን የላቲን ፊደልን ልማድ ይዞ ይመጣል። የመጀመሪያው ማቴሪያል የአዝራር ጽሑፍ በትልልቅ ፊደላት እንዲጻፍ ያዝዝ ነበር። ግዕዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለው ይህ ትእዛዝ በአማርኛ ትርጉም የለውም፤ አጽንዖቱ በፊደሉ ውፍረት ወይም በቀለም መምጣት ይኖርበታል። «ቡ» እና «ቢ»ን ደግሞ የሚለያቸው ቅጥሉ መሐል ወይም እግር ላይ መሆኑ ብቻ ነው። ለእንግሊዝኛ የሚበቃ ደቃቅ መጠን በርካሽ ስልክ ላይ ሁለቱን ያመሳስላቸዋል።

የቃል ርዝመትም አለ። «አረጋግጥ» አምስት ፊደል ነው፤ በአፋን ኦሮሞ «ሚርከኔሲ» በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ ሲጻፍ አሥራ አንድ ይሆናል፤ አናባቢው ለብቻው ስለሚጻፍ፣ ረጅም አናባቢና ጠብቆ የሚነበብ ተነባቢም በድርብ ፊደል ስለሚጻፉ ነው። በአማርኛው ልክ የተቆረጠ አዝራር በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ለብዙዎች ቃሉን ከመሐል ይቆርጠዋል። ቀን መምረጫውም 12 ወር ብቻ ካለው ጳጉሜን አይቀበልም፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት የተባለ ቀጠሮ «9፡00» ተብሎ ሲመጣም ሰው ይሳሳታል።

ጭሮ ላይ ለክሊኒክ ወይም ለኅብረት ሥራ ማኅበር መተግበሪያ የሚሠሩ ሁለት ወጣቶች የጉግልን ያህል ሰነድ አያስፈልጋቸውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለው የፊደል ቅርጽ በነፃ ይገኛል። ጥቂት ቀለሞችን፣ ዝቅተኛውን የፊደል መጠንና የኢትዮጵያን ቀን መቁጠሪያ የያዘ አንድ ሰነድ ለመነሻ ይበቃቸዋል። አዝራሩን ሲለኩ ደግሞ ከረጅሙ የቁቤ ቃል ቢጀምሩ አማርኛው ያለ ችግር ይገባል።